ማሩ ለገበያ፣ መርዙ ለአናቢው

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላል የሀገሬ ሰው። ማር በሚሰፈርበት ቦታ መራራ ነገር አይነሣም ለማለት ነው። እኛም ይህን ምክር ከሚገባው በላይ ሳንጠብቀው አልቀረንም። ስለ ንብ በተነሣ ቁጥር የምናወራው ስለ ጣፋጩ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ በማር ምርት የአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗን፣ በሰም ምርትም በዓለም ስማቸው ከሚጠሩት ሀገሮች አንዷ መሆኗን፣ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት የሚነገረውን ትውፊት፣ ከጠጁ ብርሌ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ያለውን ውለታ ሁሉ እናነሣለን። መልካም ነው። ነገር ግን ንብ ከማሯ ሌላ የምትሰጠው አንድ ነገር አለ፤ እርሱን የሚቀበለው ጠጁን የሚጠጣው የከተማ ሰው ሳይሆን ቀፎውን የሚያወርደው ገበሬ ነው። ዛሬ ውድ አንባቢያን ታግሣችሁ እንድትሰሙኝ የምለምነው ስለዚያ መራራ ድርሻ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የማስተምረው የሕዝብ ፖሊሲ ነው። ብዕሬን ያነሣሁትም ጉዳዩን እየመረመርሁት በሄድሁ ቁጥር ከሕክምና ጥያቄነቱ ይልቅ የፍትሕ ጥያቄነቱ ጎልቶ ስለታየኝ ነው። የነገሩ መነሻ ግን ከቤቴ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

የእናቴ ወንድም በጎጃም ገጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ በእርሻና በንብ ማነብ የኖሩ ሰው ናቸው። የእኔ የደብተርና የጫማ ወጪ፣ ኋላም ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የመጣሁበት የአውቶቡስ መሳፈሪያ ከእርሳቸው ቀፎ ነበር የሚወጣው። የዶክትሬት ዲግሪዬ ቢመረመር ግማሹ ማር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኒህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በሕመም ምክንያት ቀፎዎቻቸውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው ሦስት ዓመት ያህል ከንብ ርቀው ቆዩ። ሲሻላቸው ተመለሱ። በተመለሱ በዓመቱ አንዲት ንብ ብትነድፋቸው ሰውነታቸው በሙሉ በሽፍታ ተሞላ፤ «ደሜ ተቆጥቶ ነው» ብለው አለፉት። በቀጣዩ ዓመት በኅዳር ወር፣ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ ሌላ ንብ አንገታቸው ላይ ነደፈቻቸው።

የሆነውን ሁሉ የነገረኝ አብሯቸው የነበረው ልጃቸው ነው። መጀመሪያ መዳፋቸውን አሳከካቸው። ቀጥሎ ድምፃቸው ጎረነነ። «ትንፋሽ አጠረኝ» አሉ፤ ወዲያውም ተዝለፍልፈው ወደቁ። ቀፎው የነበረው ከወረዳው ከተማ ጥግ በመሆኑ ሰዎች ተሸክመዋቸው ጤና ጣቢያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በዚያም ተረኛ የነበረች ወጣት ነርስ ከመሳቢያዋ አንድ የአድሬናሊን አምፑል አውጥታ ጭናቸው ላይ ወጋቻቸው። ዳኑ። በኋላ ሄጄ ባመሰግናት «የነበረኝ እርሱ ብቻ ነበር» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ አምጥቼ ልዩ ሐኪም ዘንድ አቀረብኋቸው። ሐኪሙ ትሑትና አዋቂ ሰው ነበሩ። ሕመሙ የንብ መርዝ አለርጂ መሆኑን፣ ከሥሩ የሚያክመው ሕክምና በዓለም ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራበት መቆየቱን፣ በእርሳቸው እጅ ግን አለመኖሩን አስረዱንና «አባት፣ ከእንግዲህ ከንብ ይራቁ» አሏቸው። አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ዶክተር፣ ገበሬን ከመሬት ራቅ ይሉታል?» ሲሉ ጠየቋቸው። ሐኪሙ መልስ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ሕመሙና መድኃኒቱ

ለመሆኑ አንዲት ንብ ጎልማሳን ሰው እንዴት ልትገድል ትችላለች? የአንዲት ንብ መርዝ ብቻውን ጤነኛ ሰው የሚገድል አይደለም። የሚገድለው የተነዳፊው የገዛ ሰውነት ለመርዙ የሚሰጠው ልክ ያለፈ ምላሽ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ሪሼ ከባልደረባው ከፖል ፖርቲዬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ይህን ክስተት «አናፊላክሲስ» ብሎ ሰይሞታል፤ በ1913 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትም ይኸው ሥራ ነው። ሰውነት በቀድሞው ንድፊያ ጊዜ አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ መርዙ ዳግመኛ ሲገባ ሂስታሚንና መሰል ንጥረ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። የደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ጉሮሮ ያብጣል፣ ሰውየው ራሱን ይስታል። በአውሮፓ የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአዋቂዎች መካከል እስከ 7.5 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ከንድፊያው ቦታ አልፎ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ምላሽ ያጋጥማቸዋል። ሁሉም ለሞት የሚያደርስ አይደለም፤ የሚያደርሰው ግን ፋታ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በብሪታንያ በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት በነፍሳት ንድፊያ ምክንያት ከሞቱት ውስጥ በግማሾቹ ላይ የልብ ወይም የትንፋሽ መቆም የደረሰው በ15 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። አንባቢ ሆይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ! በገጠሪቱ ኢትዮጵያ በአሥራ አምስት ደቂቃ ከየት ወዴት ይደረሳል?

እንግዲህ ለዚህ አደጋ ሁለት ዓይነት መከላከያ አለ። አንደኛው በአደጋው ሰዓት የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፤ ይህ ሕይወት ያተርፋል እንጂ የሚቀጥለውን አደጋ አያስቀርም። ሁለተኛው ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው፣ ሰውነትን ከመርዙ ጋር ቀስ በቀስ የማለማመድ ሕክምና ነው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ የተጣራ የንብ ወይም የተርብ መርዝ መጀመሪያ እጅግ በጥቂቱ፣ ከዚያ እየጨመሩ በመርፌ ይሰጣል፤ መጠኑ 100 ማይክሮግራም ሲደርስ በየአራት፣ ኋላም በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቀጥላል። ይህ መጠን የሁለት ንቦች ንድፊያ ያህል ነው። ያ የንብ ንድፊያ የጣለው ሰው በመጨረሻ ሁለት ንቦች ቢነድፉት የማይወድቅ ይሆናል ማለት ነው።

የዚህ ሕክምና ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሐኪሞች መርዙን ለይተው በማውጣት ፈንታ ንቡን ወይም ተርቡን እንዳለ ፈጭተው ያዘጋጁትን ፈሳሽ ሲወጉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የሎውረንስ ሊክተንስታይን ቡድን ሦስቱን አማራጮች አወዳደረ። በሐኪም ቁጥጥር ሥር ሆነው እንደ ገና ሲነደፉ፣ የማስመሰያ መርፌ ብቻ ከተሰጣቸው 12 ሰዎች 7ቱ፣ በተፈጨው ነፍሳት ፈሳሽ ከታከሙት 11 ሰዎች 7ቱ መላ ሰውነታቸው ተቆጣ፤ በንጹሕ መርዝ ከታከሙት 18 ሰዎች ግን የተቆጣው አንድ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1979 ዓ.ም. የተጣራው መርዝ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ዛሬ የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ እንደሚለው ሕክምናው ከንብ መርዝ ሕሙማን ከ77 እስከ 84 በመቶ፣ ከተርብ መርዝ ሕሙማን ደግሞ ከ91 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን ከዳግም አደጋ ይጠብቃል። በሕክምናው ዓለም እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኝባቸው መድኃኒቶች ብዙ አይደሉም።

ደግሞም ነገሩ ለአባቶቻችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌ አናቢዎች «ንቡ ለምዶኛል» ይላሉ። ሳይንሱ የሚለው የለመደው ንቡ ሳይሆን ሰውነታቸው መሆኑን ነው። በአውሮፓ አናቢዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በዓመት ከ200 ጊዜ በላይ የሚነደፉት ከሁሉ የተጠበቁ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነደፉትና ሥራውን በቅርብ የጀመሩት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ለሦስት ዓመት ከንብ ርቀው የተመለሱት አጎቴ ለምን እንደወደቁ የገባኝ ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ማን ያገኘዋል?

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህ ሕክምና ዛሬ በመደበኛነት የሚሰጠው በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በመሳሰሉት ባለጸጋ ሀገሮች ነው። አስቸኳዩ አድሬናሊን እንኳ ሕመምተኛው በኪሱ ይዞት ራሱን በሚወጋበት መልኩ የሚገኘው ከዓለም ሀገሮች 32 በመቶ በሚሆኑት ብቻ መሆኑን የዓለም አለርጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ገልጿል። በአሜሪካ እንኳ ኤፒፔን የሚባለው የዚህ መርፌ ሁለት ፍሬ እሽግ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. 100 ዶላር ገደማ የነበረው በ2016 ዓ.ም. 600 ዶላር ገደማ ደርሶ የኩባንያው ኃላፊ በምክር ቤት ፊት ቀርባ እስክትጠየቅ ድረስ ታላቅ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ «ያው የፓተንት ነገር ነው» ሊል ይችላል። በኤድስ መድኃኒቶች ጊዜ የታገልነው ከፓተንት ጋር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በዶሃ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት የፓተንት ስምምነቱ የሕዝብ ጤናን ከመጠበቅ ሊያግዳቸው እንደማይገባ የተስማሙትም በዚያ ትግል ነው። የንብ መርዝ ግን የተለየ ነው። የዚህ ሕክምና መሠረታዊ ዕውቀት ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት የሚያግደው የባለቤትነት መብት የሌለው ነው። መርዙን የምታመርተውም ንብ ናት፤ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት በሚያልፍባቸው ሽቦዎች ላይ ስታርፍ ትነድፋለች፣ መርዟ መስተዋት ላይ ይደርቃል፣ ተፍቆ ይሰበሰባል። እንግዲህ በበራችን ላይ የቆመ ጠባቂ የለም፤ ችግሩ በሩ ድረስ የሚመጣ መንገድ አለመሠራቱ ነው። ከባለ ፓተንት ኩባንያ ጋር መሟገት ይቻላል፤ ከባዶ ቦታ ጋር ግን እንዴት ይሞገታል?

የባዶው ቦታ ምክንያት ገበያው ነው። የዓለም የመርዝ ሕክምና ገበያ የተዘረጋው መክፈል በሚችለው ሕመምተኛ ልክ እንጂ በሚነደፈው ሰው ቁጥር ልክ አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ማስረጃ የመጣው ከብሪታንያ ነው። የሀገሪቱ የጤና አገልግሎት አማካሪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በዚህ ሕክምና ላይ መመሪያ ባወጣ ጊዜ መሠረት ያደረገው የወጪ ስሌት፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሊነደፍ ለሚችል ተራ ሰው ሕክምናው ከጥቅሙ ይልቅ ወጪው እጅግ የበዛ መሆኑን አሳየ። በዓመት አምስት ጊዜ ያህል የመነደፍ ዕድል ላለው ሰው ሲሰላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ሕክምናው ካለመታከም የረከሰም የተሻለም ሆኖ ተገኘ። ይህ ምን ማለት ነው? ሕክምናው ከሁሉ አብልጦ የሚያዋጣው ከሁሉ አብልጦ ለሚነደፈው ሰው ነው። ያ ሰው በብዛት የሚገኘው በለንደን መናፈሻ ነው ወይስ በጎጃም፣ በከፋና በትግራይ ቀፎ ሥር? በስሌቱ መሠረት ቀዳሚ መሆን የነበረበት ሰው በተግባር ከሰልፉ ውጭ ቆሟል።

ገበያውን ብቻ ማመን ባለጸጎቹንም እንደማያዋጣቸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ይህን መርዝ ከሚያቀርቡት ሁለት ዋነኛ አምራቾች በአንደኛው ላይ የምርት መቋረጥ ደረሰ፤ አምራቹም በኋላ ከዚያ ገበያ ወጣ። የሀገሪቱ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ግብረ ኃይል አቋቁመው መርዙን እንዴት ቆጥቦ መጠቀም እንደሚቻል፣ የመርፌው ቀጠሮ እንዴት እንደሚራዘም፣ የመድኃኒቱ መጠን ለማን ሊቀነስ እንደሚችል መመሪያ እስከማውጣት ደረሱ። በዓለም ቀዳሚ የሆነው ምጣኔ ሀብት በጥቂት ፋብሪካዎች ላይ ተንጠልጥሎ ከተንገዳገደ የእኛ ነገር ምን ሊባል ነው?

ገበያ የሌለው ጉንዳንና የታዝማኒያ መልስ

በገበያው ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ ያልገቡ ነፍሳትም አሉ። ሳምሱም የሚባለው ጥቁር ጉንዳን አንዱ ነው። የትውልድ ሀገሩ አፍሪካ ነው፤ የሳይንስ ስሙም የተወሰደው ከጎረቤታችን ከሱዳኗ ሴናር ነው። ዛሬ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ሀገሮች ተሠራጭቶ በመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ ይነድፋል፤ ለሞት ያበቃባቸው አጋጣሚዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። በእነዚያ ሀገሮች ግቢ የሚጠርጉት፣ አትክልት የሚያጠጡትና ልጅ የሚያሳድጉት ብዙዎቹ የእኛው እህቶችና ወንድሞች መሆናቸውን ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ለዚህ ጉንዳን መርዝ ተዘጋጅቶ በገበያ ላይ የሚሸጥ ሕክምና ግን የለም። ነዳፊው የድሃ ሀገር ጉንዳን፣ ተነዳፊውም በአብዛኛው ድሃ ከሆነ ነጋዴው ምን ሊያደርግ ይመጣል?

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚል መልሱ በታዝማኒያ አለ። ታዝማኒያ ነዋሪዎቿ 600 ሺህ የማይሞሉ የአውስትራሊያ ደሴት ናት። በዚያ ጃክ ጃምፐር የሚባል ጉንዳን አለ፤ ሰው ይገድላል፤ ከአካባቢው ውጭ ስለማይታወቅ መርዙን ለማዘጋጀት የሚነሣ ኩባንያ አልነበረም። የደሴቲቱ ሐኪሞች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጉንዳኑን ራሳቸው ሰብስበው፣ መርዙን ራሳቸው አጣርተው፣ ሕክምናውን በጥናት ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የታተመው ውጤት የማስመሰያ መርፌ ከተሰጣቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሲነደፉ መላ ሰውነታቸው እንደተቆጣ፣ በመርዙ ከታከሙት መካከል ግን አንድም እንዳልነበረ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በሆባርት ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል ሕክምናው እንደ ሕዝብ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። ገበያ ያልሠራውን የሕዝብ ተቋም ሠራው ማለት ነው። አውስትራሊያ ባለጸጋ መሆኗን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ነገሩን ያስጀመረው የገንዘብ ብዛት ሳይሆን «ይህ የእኛ ጉንዳን፣ የእኛም ሕመምተኛ ነው» የሚል የኃላፊነት ስሜት ነው።

ተቃራኒውን መንገድ ደግሞ በእባብ መርዝ አይተነዋል። ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ ፀረ መርዝ አምራቹ ሳኖፊ ፓስተር አያዋጣኝም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ክምችትም በ2016 ዓ.ም. ጊዜው አለፈበት። የገጠር ሰው በባዶ እጁ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባውና በ2019 ዓ.ም. ሞቱን በ2030 ዓ.ም. በግማሽ ለመቀነስ ያለመ ስልት ያወጣው ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ስም ያልተሰጠውና ያልተቆጠረ ሕመም ገንዘብ አይመደብለትም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛ በንብ ተነድፎ የሞተውን ሰው «ድንገት ሞተ» ብለን ስንቀብር በሽታውን እየደበቅን ነው።

መንግሥት የላከው ወጣት

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «እናቶች በወሊድ፣ ሕፃናት በወባና በሳንባ ምች በሚሞቱበት ሀገር የአለርጂ ሕክምና ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። እኔም ከክትባትና ከወሊድ አገልግሎት አንዲት ሳንቲም ተነሥታ ወደዚህ ትዙር አልልም። ነገር ግን ሦስት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ አድሬናሊን ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. የመሠረታዊ መድኃኒቶችን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ ጀምሮ በውስጡ አለ። አምፑሉም ርካሽ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በአንድ ጤና ጣቢያ መሳቢያ ውስጥ አንድ ብቻ ሆኖ መገኘቱ የድህነት ሳይሆን የአደረጃጀት ጉድለት ነው።

ሁለተኛ፣ ኢሚውኖቴራፒ ለተነደፈ ሰው ሁሉ አይሰጥም። የተነደፈበት ቦታ ብቻ ያበጠ ሰው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መላ ሰውነቱ ተቆጥቶ ለሞት የተቃረበ፣ በምርመራም የተረጋገጠለትና ዳግመኛ መነደፉ የማይቀርለት ሰው ነው። ይህ ቁጥር ሀገር የሚያስከስር አይደለም። መድኃኒቱ በደረቅ ዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ክትባት ለማድረስ ከዘረጋነው የማቀዝቀዣ ሰንሰለት የተለየ ነገር አይጠይቅም።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋነኛው መልስ የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ወጣቱን ወደ ቀፎው የላክነው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሞዬሽ በሚል ስም የጀመረው መርሐ ግብር 100 ሺህ ወጣቶችን በማርና በሐር ሥራ ለማሠማራት ያለመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. መንግሥት ይፋ ያደረገው የሌማት ትሩፋትም ማርን ከወተትና ከእንቁላል ጋር አሰልፏል። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ከሁሉ የሚጋለጠው ሥራውን በቅርብ የጀመረው፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚነደፈው ጀማሪ ነው። ዘመናዊ ቀፎ፣ የፊት መሸፈኛና ብድር ለወጣቱ ስንሰጥ አንድ አምፑል አድሬናሊን በቅርቡ እንዲኖር ካላሰብን ምርቱን ቆጥረን አምራቹን ረሳነው ማለት ነው። ለሕንፃ ሠራተኛ የራስ ቆብ የሚያስገድድ ሕግ ያለው መንግሥት ለአናቢው ምን አለው?

ምን ይደረግ?

ከሐሳብ ወደ ተግባር ስንወርድ መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ነገ ሊጀመር የሚችል ነው፤ ማር በሚመረትባቸው ወረዳዎች ሁሉ አድሬናሊን ከጤና ጣቢያ አልፎ እስከ ጤና ኬላ ይድረስ። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ ሕመሙን ለይተው የተነደፈውን ሰው አስተኝተው እግሩን ከፍ እንዲያደርጉ፣ አድሬናሊኑንም በጭኑ ጡንቻ ላይ እንዲወጉ ይሠልጥኑ፤ ፈቃዱም ይሰጣቸው። ለአናቢዎች የሚሰጠው ሥልጠናም ስለ ማር ጥራት ብቻ ሳይሆን ስለዚህ አደጋ አንድ ሰዓት ይመድብ። «ባለፈው ጊዜ ሰውነትህ በሙሉ በሽፍታ ከተሞላ የሚቀጥለው ንድፊያ ሊገድልህ ይችላል» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር አጎቴ ቀድመው ሰምተው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ቀፎው ሥር አይቆሙም ነበር።

ሁለተኛው መቁጠር ነው። የነፍሳት ንድፊያ በጤና ተቋማት መዝገብ ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ሦስተኛው፣ በሁለት ወይም በሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ኢሚውኖቴራፒው በሙከራ ደረጃ ይጀመር። ቅድሚያውም ለአናቢዎችና ለቤተሰቦቻቸው ይሰጥ። ሕክምናው ራሱ አንዳንድ ጊዜ የሚፈራውን ምላሽ ሊቀሰቅስ ስለሚችል በየመንደሩ የሚሰጥ አይደለም፤ የሠለጠነ ባለሙያና የተዘጋጀ አድሬናሊን ባለበት መሆን አለበት። ለዚህም ነው የመጀመሪያው እርምጃ መቅደም ያለበት።

አራተኛው፣ ግዢውን ከጎረቤት ሀገሮች ጋር በጋራ ማድረግ ነው። አንድ ሀገር ብቻዋን የምትገዛው ጥቂት ጠርሙስ ለአምራቹ ትርፍ አይሆነውም፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ኢትዮጵያ በአንድ ላይ ቢጠይቁ ግን ድምፃቸው ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል ተረቱ? የአፍሪካ የመድኃኒት ኤጀንሲ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋሉ ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው።

የመጨረሻውና የሩቁ ግብ ደግሞ መርዙን እዚሁ ማዘጋጀት ነው። ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል አለን፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የንብ መንጋዎች አሉን፤ የኬሚስትሪና የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች በየዩኒቨርሲቲው አሉን። ጥሬ መርዝ መሰብሰብ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ማጣራቱ፣ መጠኑን በእኩል መለካቱና ከብክለት መጠበቁ ነው። ይህ የዓመታት ሥራ ይጠይቃል። ነገር ግን የንብ መርዝን ለዘለዓለም ከውጭ መለመን ዕጣችን ነው ያለው ማን ነው? እኔን መሰል የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ከወቀሳው ነፃ አይደለንም፤ ለደረጃ ዕድገት በምናሳትማቸው ጽሑፎች ውስጥ ስለ ማር ጥራት የሚያወራው ብዙ ነው፣ ስለ አናቢው ሰውነት የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት አሉ። ቀፎዎቻቸውን ለልጃቸው አስረክበዋል። ማር በሚቆረጥበት ሰሞን ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ጭሱን ከሩቅ ያያሉ እንጂ አይጠጉም፤ ልጁ እስኪመለስ ድረስ ግን እህል አይቀምሱም። የአናቢ ቤተሰብ አባላትም ለዚህ አለርጂ የተጋለጡ መሆናቸውን ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ እርሳቸው ግን ማንም ሳይነግራቸው ፈርተውታል። ባለፈው ኅዳር ስልክ ደውዬ እንዴት እንደሰነበቱ ስጠይቃቸው ስለ ማሩ አልነገሩኝም። «ያቺ ልጅ ተቀይራ ሌላ መጥታለች አሉ፤ እስቲ ከመሳቢያው ውስጥ ያ መርፌ መኖሩን ጠይቅልኝ» አሉኝ።

ጠይቄያለሁ። በዚያ ቀን አልነበረም። ጥያቄውን እንግዲህ ወደሚመለከታቸው ሁሉ አስተላልፌያለሁ፤ በመሳቢያው ውስጥ ስንት አለ?

ቸር ይግጠመን።